ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለች የጽሕፈትና የትርጉም ቤት፦ እጃቸው ፈጣን ነው፣ አንብባችሁ ግን ውጡ

ጅቡቲ ላለ ትራንዚተር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማስጻፍ ነበረብኝና ከዚራ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ጎራ አልኩ። ልጅቷ ፈጣን ናት። በአማርኛ የጻፍኩላትን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሻዬን ሳልጨርስ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ አተመችልኝ። ህትመቱ ጥርት ያለ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም።

ቢሮ ደርሼ ማኅተም ልመታበት ስል ግን አንድ ቃል ዓይኔን ያዘው። እኔ ያልኩት «ሰነዱ ሳይሟላ ዕቃውን መልቀቅ አርቆ ያላሰበ ውሳኔ ይሆናል» ነበር። ለዚህ የሚሆነው «ኢምፕሩደንት» ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ኢምፒውደንት»! «አር» የምትባለዋ ፊደል ወድቃለች፣ በቃ፣ ትርጉሙ ዓይን አውጣ፣ ሀፍረተ ቢስ ሆኖ አረፈው። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ኮምፒውተሩ በቀይ አያሰምርባቸውም። ስንት ጊዜ አብሮን የሠራ ሰው ይህን ቢያነብ ምን ይሰማዋል? በጣም ነው የደነገጥኩት።

ኢምፕሩደንት ስድብ አይደለም። ሥሩ ላቲን ነው፣ አስቀድሞ ከማየት የመጣ ቃል ሆኖ ፊቱ ላይ «ኢም» ሲገባበት የሚመጣውን ያላየ ማለት ይሆናል። የድሬ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ጎርፉ ድንገት ከች ይላል፤ የ1998ቱን ክረምት ማን ይረሳል? በክረምት አሸዋው ላይ መኪና አቁሞ ማደር፣ ኢምፕሩደንት ማለት ይኼ ነው። አንዳንዶች «ሞኝ» ብለው ይተረጉሙታል፤ አልስማማም። ሞኝ ሰውየውን ይነካል፣ ይኼኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔውን ነው የሚነቅፈው። ደግሞ የደብዳቤና የሪፖርት ቃል ነው፣ ከጓደኛ ጋር ሲያወሩ «አንዋይዝ» ይበቃል።

ተመልሼ ሳሳያት አልተከራከረችኝም። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሳትኩት» አለችና ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን በእስክሪብቶ ጽፋ ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፈቻቸው። አስተካክላ ስታትምልኝም ሳንቲም አልተቀበለችኝም። እኔ እሷ ጋ መሄዴን አልተውም። እናንተም ከሄዳችሁ ከመታተሙ በፊት ስክሪኑ ላይ ቃል በቃል አንብቡ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ስለሚዘጉ ጠዋት ድረሱ።