ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 ከዐሥር ወር በኋላ፦ ኤ17 ከወጣ ወዲህስ የትኛው ይገዛ?

ጋላክሲ ኤ16ን የገዛሁት በጥር 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው በኅዳር 2018 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዐሥር ወራት ስልኩ የዋለው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወጣ ብሎ በሚገኝ የሕንፃ ግንባታ ቦታ ነው፤ ያደረውም እዚያው አካባቢ ባለው ቤቴ። ሥራዬ የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሲኖትራክ አሸዋና ጠጠር ሲያራግፍ፣ ፌሮና ሲሚንቶ ሲገባ ቆጥሬ እረከባለሁ፤ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤ የደረሰኙንና የዕቃውን ፎቶ አንስቼ ከተማ ውስጥ ላለው ሒሳብ ክፍል በቴሌግራም እልካለሁ። ስለዚህ ስለ ጨዋታና ስለ ራስ ፎቶ ከእኔ ብዙ የሚገኝ ነገር የለም። እኔ ስልክን የምመዝነው በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ ከኪስ ወጥቶ ሥራውን ሳያጓድል ተመልሶ ሲገባ ነው።

በዚህ ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ወጣት «ጋሼ፣ ኤ17 ወጥቷል፤ እሱን ልግዛ ወይስ የእርስዎን ዓይነት ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው የመለስኩለት «ከሁለቱም በፊት ራሙን ጠይቅ» ብዬ ነው፤ ራም ማለት ስልኩ የተከፈቱ መተግበሪያዎችን በአንድ ጊዜ የሚይዝበት የሥራ ቦታው ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለማስረዳት ግን ከግዢዬ ቀን መጀመር ይኖርብኛል።

በግዢዬ ላይ ትልቁ ድርሻ የነበረው የብር የምንዛሪ ዋጋ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ ስልክም ጭምር፣ አብሮት ተነሣ። ቀድሞ በየሁለት ዓመቱ ስልክ እቀይር የነበርኩት ሰው ከዚያ በኋላ እንደማልችለው ስለ ገባኝ፣ በየሱቁ ስዞር የምጠይቀው «ይህ ስልክ ስንት ዓመት ያገለግላል?» የሚለውን ሆነ። ነጋዴዎቹ ስለ ካሜራ ያስረዱኛል፤ እኔ ስለ ዕድሜ እጠይቃለሁ። ከዚህ ስልክ በፊት የነበረኝ ስልክ አካሉ ምንም ሳይሆን፣ የባንኬ መተግበሪያ አንድሮይዱ አርጅቷል ብሎ አልከፈት ስላለኝ ነው የተገለለው። ስልክ ማለት ቦርሳ በሆነበት ጊዜ ይህ ከስክሪን መሰበር አይተናነስም።

ኤ16 ከሌሎቹ ተለይቶ የታየኝ በዚህ ነጥብ ነው። አምራቹ ለዚህ ስልክ ስድስት የአንድሮይድ ትውልዶችንና የስድስት ዓመት የደኅንነት አፕዴት ቃል ገብቶለታል፤ ከእሱ ለቀደመው ኤ15 የተገባው አራት ትውልድና አምስት ዓመት ነበር። ሲወጣ አንድሮይድ 14 ይዞ የወጣው ስልክ በእጄ ሳለ ወደ 15 ተሸጋግሯል። አፕዴቱ ትልቅ ስለሆነ ሌሊት በዋይፋይ አውርጄዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ችግር ሲሠራ ነው የቆየው።

አሁን ወደ ራሙ ልመለስ፤ የምቆጨውም በእሱ ነው። ኤ16 በ4፣ በ6 እና በ8 ጊጋባይት ራም ተሠርቷል። እኔ ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ስል ባለ 4 ጊጋባይቱን ከ128 ጊጋባይት ማከማቻ ጋር ወሰድኩ። የስልኩ የ4ጂ ዓይነት የሚሠራበት ሄሊዮ ጂ99 የተባለው ፕሮሰሰር በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ለዕለት ሥራ በቂ ቢሆንም የሚተርፍ ጉልበት የለውም። በእሱ ላይ ራሙ ሲጠብ የሚሆነውን አንድ ጠዋት ላስረዳ። የአሸዋ ሲኖትራክ ቆሟል፤ ሾፌሩ የማራገፊያ ክፍያውን በቴሌብር ይጠብቃል፤ እኔ ቁጥሩን ከቴሌግራም መልእክት ላይ ለማየት ከቴሌብር ወጥቼ ስመለስ መተግበሪያው ከመጀመሪያው ይከፈታል፣ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል፣ የጻፍኩት መጠንም ጠፍቷል። መካከል ላይ ካሜራ ከከፈትኩ ደግሞ ሁለቱም ይዘጋሉ። ሾፌሩ ጥሩምባ መንፋት ይጀምራል። ከማከማቻው ላይ ተቆርሶ ለራም የሚታከለውን ራም ፕላስ ወደ ከፍተኛው ባደርገውም ልዩነቱን እምብዛም አላየሁትም፤ ማከማቻ ከእውነተኛ ራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነውና። በመጨረሻ ያገኘሁት ዘዴ መተግበሪያውን ትቶ *127# መደወል ነው፤ ዳታ አይጠይቅም፣ ራምም አይሻማም። የስድስት ዓመት አፕዴት የተገባለት ስልክ በመጀመሪያው ዓመቱ እንዲህ ከጠበበው፣ እያንዳንዱ አዲስ አንድሮይድ ከቀደመው የበለጠ ስለሚጠይቅ፣ በአራተኛው ዓመት ምን ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕድሜ ገዛሁ፣ ዕድሜውን የሚሸከመውን ግን አልገዛሁም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሲም ማስቀመጫው ነው። ስልኩ ሁለት ሲም ይቀበላል፤ የማስታወሻ ካርድም ይቀበላል፤ ሦስቱን በአንድነት ግን አይቀበልም፤ ሁለተኛው ሲምና ካርዱ አንድ ቦታ ይጋራሉና። መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የእሱንና የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም ጎን ለጎን የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ በእኛ አካባቢ ግን ጉዳዩ ከቅናሽ ጥቅል ፍለጋም ያልፋል። ገና በሚሠራ ሰፈር ውስጥ የኔትወርክ ጠባይ ከሕንፃው ጋር ይለዋወጣል፤ ትናንት በግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥሩ የነበረው መስመር ፊት ለፊቱ ያለው ሕንፃ አራተኛ ፎቁ ኮንክሪት ሲሞላ ይደክማል፣ ሌላኛው ደግሞ በዚያው ቦታ ይሻላል። ከዚያም በላይ ቴሌብር በአንዱ ቁጥር፣ ኤም-ፔሳ በሌላው ቁጥር ነው ያለው፤ ገንዘብ የሚቀበለኝ ሰው የትኛውን እንደሚጠቀም ደግሞ እኔ አልመርጥለትም። ስለዚህ ሁለተኛውን ሲም ማውጣት የማይታሰብ ሆነና የማስታወሻ ካርዱ በመሳቢያ ቀረ።

በዚህ ምክንያት 128 ጊጋባይቱ ብቸኛ ማከማቻዬ ሆነ፤ ከዚያም ላይ ሥርዓተ ክወናው የራሱን ድርሻ ይይዛል። በአምስተኛው ወር ቦታ አነሰኝ። ብፈትሸው የእኔ ፎቶዎች ሳይሆኑ በየቴሌግራም ግሩፑ ሳላያቸው የወረዱ ቪዲዮዎች ነበሩ የሞሉት። በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ስለ ዳታና ማከማቻ የሚናገረውን ክፍል ከፍቼ፣ ከግሩፕና ከቻናል የሚመጣው ፋይል ከአንድ ሳምንት በኋላ ከስልኩ እንዲወገድ አደረግሁ፤ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳያወርድም ዘጋሁት። ፋይሉ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቆይ ሲያስፈልግ መልሶ ማውረድ ይቻላል። የደረሰኝ ፎቶዎቼን ግን በየወሩ መጨረሻ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤ ኦዲተር በመጣ ጊዜ «ቴሌግራም ላይ አለ» ማለት አያዋጣም።

ባትሪው በጣም አስደስቶኛል። 5000 ሚሊአምፐር አወር ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሞልቶ ከቤት የሚወጣው ስልክ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከሢሶ በላይ ይዞ ይመለሳል። አሁንም ከመጀመሪያው ወር ብዙም የተለየ አይመስለኝም። በቅንብሩ ውስጥ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ የሊቲየም ባትሪ እስከ ጫፍ ተሞልቶ ብዙ ሲቆይ ቶሎ ስለሚያረጅ ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን መብራት መቼ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰፈር ሃያ በመቶውን ባዶ ትቶ ማደር ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ያገኘሁት መካከለኛ መንገድ መብራት ባልተቋረጠበት ሳምንት 80ው ላይ ማቆም፣ መቋረጥ ሲጀምር ደግሞ ገደቡን ማንሣት ነው።

በሳጥኑ ውስጥ የመጣልኝ ገመድ ብቻ ስለነበር ቻርጀር ለብቻ መግዛት ነበረብኝ። በመጀመሪያ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጀርባው ላይ 25 ዋት የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ስልኩን ለመሙላት ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀበት። ስልኩ 25 ዋት የሚቀበለው ፒፒኤስ ከተባለው የኃይል አሰጣጥ ሥርዓት ጋር ከሚስማማ ቻርጀር ብቻ ስለሆነ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሱቁ ውስጥ እያሉ ሰክተው ስክሪኑን ማየት፤ «ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ» የሚለው ጽሑፍ ካልመጣ ቻርጀሩ የተባለው አይደለም። ሁለተኛውን በዚህ መንገድ ፈትሼ ገዛሁት፤ አሁን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላል። መብራት ለሁለት ሰዓት ብቻ ብቅ በምትልበት ቀን ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

ስለ አቧራና ውሃ፣ ስልኩ አይፒ54 የሚባል ደረጃ አለው፤ ይህም አቧራ በጎጂ መጠን እንዳይገባ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃም እንዳይጎዳው ማለት ነው። ከበርሜል ውስጥ ቢወድቅ አይተርፍም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከኪሴ እያወጣሁ ስሠራበት ምንም አልሆነም፤ የሲሚንቶ ብናኝ ግን በድምፅ ማጉያውና በቻርጀር ቀዳዳው ላይ እየተጋገረ ያስቸግራል፤ በየሳምንቱ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ። በጎኑ ያለው የጣት አሻራ ማንበቢያ መጀመሪያ ላይ አልታዘዘኝም ነበር፤ ሲሚንቶ ቆዳን ስለሚበላ የግንባታ ሰው አሻራ ይሳሳል። ያንኑ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ታጥቤ አንዴ ከሥራ መካከል፣ ካስመዘገብኩት በኋላ ከዐሥሩ ዘጠኝ ጊዜ ይከፍትልኛል።

ባለ 6.7 ኢንች አሞሌድ ስክሪኑ ጥሩ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ መነጽር ለማደርግ ሰው ይህ እፎይታ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን የለውም፤ ኤ15 ላይ ግን ነበረ። 50 ሜጋፒክስል ዋና ካሜራው በቀን ብርሃን የደረሰኝ ማኅተም ሳይቀር ለይቶ ያነሣል። ሲመሽ ግን የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ የሌንስ ማረጋጊያ ስለሌለው ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ማታ የመጣን ዕቃ ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አንጥፌ፣ ክርኔን አስደግፌ ነው የማነሣው። 2 ሜጋፒክስል የሆነው የማክሮ ካሜራ እስካሁን አላስፈለገኝም።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ጥያቄ። ኤ17 በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሲወጣ ባለ 5ጂው ዓይነት ያመጣው ዋና ለውጥ እኔ የጎደለኝን የሌንስ ማረጋጊያ በዋናው ካሜራ ላይ መጨመሩ ነው፤ የስክሪኑ መስታወትም ጭረትና ስብራት የሚቋቋመው ጎሪላ ግላስ ቪክተስ ሆኗል፣ አካሉም ሳስቷል። ባትሪው ግን ያው 5000፣ የመሙያ ፍጥነቱ ያው 25 ዋት፣ ስክሪኑ ያው 6.7 ኢንች፣ የአፕዴት ዘመኑ ያው ስድስት ዓመት ነው። የሲም ማስቀመጫው ጋርዮሽም አልተለወጠም። 5ጂ የሚለው ቃል በራሱ እንዳያማልለው ነግሬዋለሁ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ቢሆንም፣ እኛ ባለንበት ግንባታ ቦታ 4ጂው በደንብ ከያዘ ደረሰኝ ለመላክ ተርፎ የሚቀር ነው።

ስለዚህ ኤ16 ያለው ሰው ለኤ17 ብሎ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየኝም። አዲስ ገዢ ከሆነና ማታ ማታ ፎቶ ማንሣት ሥራው ከሆነ፣ ለኤ17 ልዩነቱን ቢከፍል አልቃወምም። ከዚህ ውጭ ላለው ሰው ባለ 4 ጊጋባይት ኤ17 ከመግዛት ባለ 8 ጊጋባይት ኤ16 መግዛት ይሻላል፤ ማከማቻው 256 ከሆነም እኔ በሲሙና በካርዱ መካከል የገባሁበትን ጣጣ ያስቀርለታል። የትኛውንም ሲገዛ ከሱቁ ሳይወጣ *#06# ደውሎ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር በሳጥኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን እንዲያይ፣ ራሙንም በሳጥኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በስልኩ ቅንብር ውስጥ እንዲያረጋግጥ ነግሬዋለሁ።

ወጣቱ እስካሁን አልገዛም። ባለ 8 ጊጋባይት ኤ16 ያለው ሱቅ እያፈላለገ ነው፤ ብዙዎቹ «አልቋል፣ አዲሱን ውሰድ» እንደሚሉት ትናንት ምሳ ላይ ነግሮኛል። የደመወዝ ቀን እስኪደርስ ጊዜ አለው።