ከስምንት ወር በኋላ፦ ትንሿ ኮምፒውተሬና የሚዘለው ማውስ

ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የማትበልጥ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለቤት ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከስምንቱ ወራት ሦስቱን ከገመድ አልባ ማውስ ጋር ስጣላ ስላሳለፍኩ፣ ግምገማዬ የሚጀምረው ከፍጥነቷ ወይም ከዋጋዋ ሳይሆን ከዚያው ማውስ ነው። ለወትሮው ሥራ፣ ማለትም ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመጠቀምና ፊልም ለማየት፣ ባለአራት ኮር ፕሮሰሰሯና 8 ጊጋባይት ራሟ ይበቁኛል፤ በዚህ ረገድ ሌላ የምለው የለኝም።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ነው። የማውሱ ቀስት እጄን መታዘዝ ተወ፤ ወደ ቀኝ ስስበው ባለበት ደርቆ ይቆይና ድንገት የስክሪኑን ግማሽ ዘሎ ያላሰብኩት ቦታ ላይ ያርፋል። አንዱን ፎልደር ልከፍት ብዬ ሌላውን ሰረዝኩ። ባትሪ ቀየርኩ፤ አልተሻለውም። ማውሱን ጥዬ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ይዘል ጀመር። በእነዚያው ቀናት ዋይፋዩም ይንቀራፈፍ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱን ችግሮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ሻጩ ዘንድ ስደውል፣ «ማውሱ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ደህናውን ይግዙ» አለና ስለ ደህናው ማውስ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስደውል ደግሞ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንድጭን መከረኝ። ምክሩ የረዳኝ እሱ ባላሰበው መንገድ ነው። ዊንዶውሱን ስጭን ቀስቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ አንዳች እንከን ሠራ፤ ፋይሎቼን ልመልስ ብዬ ሃርድ ዲስኩን እንደ ሰካሁ ግን ወዲያውኑ ዘለለ። ነቀልኩት፤ ረጋ። መልሼ ሰካሁት፤ አበደ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ በማውሱ ላይ የነበረኝ ቂም ወደ ኮምፒውተሯ ዞረ።

ምክንያቱ ለካ ከታወቀ ቆይቷል። ሃርድ ዲስኩ የሚሰካበት ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት፣ ዩኤስቢ 3.0፣ በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት በሚደርስ ፍጥነት መረጃ ሲያስተላልፍ፣ ከመሰኪያውና ከኬብሉ የሚያፈተልከው የሬዲዮ ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ያውካል። ብዙዎቹ ገመድ አልባ ማውሶች፣ ብሉቱዝና አንዱ የዋይፋይ ባንድ (የሞገድ ክልል) የሚሠሩትም እዚያው ላይ ነው። የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ በዝርዝር አስረድቷል። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ያልነገረኝ ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ «ቦታ አትይዝም» የሚለውን የሻጮች ቃል ልሞግት። ቦታ እኮ ዕቃን ከዕቃ ማራቂያም ነው። በትልቁ የድሮ ኬዝ ሃርድ ዲስኩን ከፊት፣ የማውሱን ሪሲቨር (ከማውሱ ምልክት የሚቀበለውን ትንሽ የዩኤስቢ ቁራጭ) ከኋላ ሰክቼ በመካከላቸው ክንድ የሚያህል ርቀትና የብረት ግድግዳ ነበር። በዚህችኛዋ ግን ሁለቱን የሰካሁባቸው ሰማያዊ የዩኤስቢ 3.0 የፊት መሰኪያዎች የተራራቁት በአንድ ጣት ስፋት ሲሆን፣ የዋይፋዩ አንቴና ደግሞ ከላይ ባለው የፕላስቲክ ክዳን ሥር ተለጥፏል። ስለዚህ ገንዘቤን የከፈልኩበት ትንሽነት ራሱ የችግሩ ምንጭ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሪሲቨሩን ወደ ኋላ መሰኪያ ማዞሩ ቢያሻሽለውም አልጨረሰውም፤ የሃርድ ዲስኩን ኬብል በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልዬ እንደ ሞከርኩም አልደብቅም፤ ጥቂት ረዳ፣ መልኩ ግን እንግዳ ፊት የሚቀርብ አልነበረም። የጨረሰው አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ኬብል ነው፤ ሪሲቨሩን በኬብሉ ጫፍ አድርጌ ከሞኒተሩ እግር ጋር በፕላስተር አሰርኩት። ዋይፋዩንም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ባንድ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ መቶ ጊጋባይት ስገለብጥ እንኳ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ገመድ አልባ ማውስ ለመጠቀም ገመድ መዘርጋቴ ግን እስካሁን ያናድደኛል፤ ከኤሌክትሪክ አስማሚዋ፣ ከሃርድ ዲስኩና ከማራዘሚያው ጋር ሲታይ «ቦታ የማትይዘው» ኮምፒውተሬ የጠረጴዛዬን ሩብ ይዛለች።

በሦስተኛው ወር ብትጠይቁኝ ኖሮ በግማሽ ዋጋም ቢሆን እሸጣት ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር ስለሠራልኝ ነው መሰል አልሸጣትም፤ ደግሜ እገዛ እንደሆነ ግን መልስ የለኝም። ሁለተኛው ማውስ እጄ ላይ ነው፣ በደንብ ይሠራል። የመጀመሪያውን ምንም ሳይጎድለው ጣልኩት።