የድመትን አስም የለየ ምርመራ፦ ስለ አንድ የደብረ ማርቆስ የእንስሳት ክሊኒክ

በጎጃም የእንስሳት ሕክምና ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በሬ፣ ላም፣ በግና በቅሎ ነው። ድመት ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ጥቂት በመሆኑ፣ በደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ለምትስለው ድመታችን ያደረገውን ምርመራ በዝርዝር ማቅረብ ተገቢ ነው።

አስም ያለባት ድመት ስትስል ወለሉ ላይ ዝቅ ብላ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፤ ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የላሰችው ፀጉር አንቋት ነው ይላል። ሐኪሙ በቅድሚያ የጠየቁን ከሳሉ በኋላ ምን እንደሚወጣት ነበር፤ ፀጉር ያስቸገራት ድመት ቋቅ ብሏት ፀጉሩን ትተፋለች፣ አስም ያለባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይወጣት ሳሉ ያቆማል። ድመት በሐኪም ፊት እምብዛም ስለማትስል፣ በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ ደጋግመው ተመለከቱ። ስትተኛም ደረቷ ከፍና ዝቅ ሲል እንደ አንድ ትንፋሽ እየቆጠርን እንድንመዘግብ አዘዙን፤ የጤናማ ድመት ትንፋሽ በእንቅልፍ ላይ በደቂቃ ከ30 በታች ነው። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ድዷ ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት አስም ነው ለማለት አለመቸኮላቸውን ነው። ጎተራ የምትጠብቅ ድመት አይጥና ወፍ ስለምትበላ የሳንባ ትል ሊይዛት ይችላል፣ ምልክቱም ከአስም ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ዓይነ ምድሯን መረመሩ፣ ልቧንም አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ብግነትን የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት አዘዙ፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ እንደማይገባ፣ ሳልቡታሞል ደግሞ ትንፋሽ ሲያጥራት የሚረዳ እንጂ የአየር ቧንቧውን ብግነት የሚያድን እንዳልሆነ አስረዱን። የቤቱንም ነገር አልዘነጉም፤ የእጣን፣ የከሰልና የኩበት ጭስ፣ ጤፍ ሲነፋም የሚነሣው ብናኝ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። ያለ እጣን ቡና ማፍላት ለእኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ለእንስሳዪቱ ሲባል ሊደረግ የሚገባው ነው።

የክሊኒኩ ትልቁ ጉድለት የራጅ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። በራጅ የአየር ቧንቧዎቹ ግድግዳ መወፈር ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ያለ እርሱ ግን ሐኪሙ ሌሎቹን በሽታዎች በማግለልና ድመቷ ለመድኃኒቱ የምትሰጠውን ምላሽ በመከታተል ብቻ ለመወሰን ይገደዳሉ። የሚነፋ መድኃኒት ለድመት የሚሰጥበት ጭምብልም በክሊኒኩ የለም። በገበያ ቀን ግቢው በከብትና በአህያ ስለሚሞላ፣ ትንፋሽ ያጠራትን ድመት ጭንቀት እንዳያባብስባት፣ አጣዳፊ ካልሆነ በስተቀር በሌላ ቀን በተሸፈነ ዘንቢል ይዞ መሄድ ይሻላል።