ለኮሮላ የቱ ይሻላል? የፋብሪካው ጎማ ወይስ ሰፊው?

ብዙ ኮሮላዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በ195/65 ባለ 15 ጎማ ነው፤ 195 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። መኪና ማሳመር የሚወዱ ደግሞ 225/45 ባለ 17 ያስገቡለታል። የሁለቱ ቁመት አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 634 ሚሊሜትር አካባቢ። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም። የሚለያዩት በወርድና በጎን ከፍታ ነው። የፋብሪካው ጎን 127፣ የሰፊው 101 ሚሊሜትር ነው።

የአዳማው ፍጥነት መንገድ ላይ፣ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ፣ ሰፊው ደስ ይላል። ጎኑ አጭር ስለሆነ ብዙ አይተጣጠፍም። መሪውን ነካ ስታደርጉት መኪናው ወዲያው ይታዘዛል። የፋብሪካው ጎማ ደግሞ ረድፍ ስትቀይሩ ትንሽ ዘግየት፣ ወዝወዝ ይላል።

ግን ሰፊ ጎማ ቦይ ይከተላል። ከባድ መኪና ያጎደጎደው አስፋልት ላይ መሪው ወዲህና ወዲያ ይስባችኋል፤ ረጅም መንገድ ላይ እጅ ያደክማል። ዝናብ ሲመጣማ ይብሳል። ያው የመኪናው ክብደት በሰፊ ወርድ ላይ ስለሚከፋፈል ጎማው ውሃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን መያዝ ይከብደዋል። ጥርሱ ካለቀ ደግሞ ይንሳፈፋል፤ ያኔ መሪም ፍሬንም ለስም ነው። ክረምት ላይ ጠባቡ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ነዳጁና ድምፁም ትንሽ ይጨምራል። ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። ጉድጓድ ውስጥ ከገባችሁማ አጭሩ ጎን ቸርኬውን አያድነውም።

እኔ የፋብሪካውን እመርጣለሁ። ለመልክ የግድ ካላችሁ 205/55 ባለ 16 ያስኬዳል።