ቴኔሪፍ ለዋና፦ ደቡቡ ወይስ ሰሜኑ? ፌብሩዋሪ ወይስ ኦክቶበር?

የአውሮፓ ብርድ ሲሰለቸው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወዳሉት የስፔን ካናሪ ደሴቶች ብቅ ማለት የሚያምረው ሰው ቲኬት ሳይቆርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃው ይሞቃል ወይ?» ብሎ ነው። ከእነዚህ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የቴኔሪፍ ባሕር ሙቀት በክረምትና በበጋ ያን ያህል አይራራቅም (ክረምትና በጋ የምለው የአውሮፓውን ነው፦ ክረምቱ ከዲሴምበር እስከ ማርች)። በጣም የሚቀዘቅዘው በፌብሩዋሪና በማርች ሲሆን 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል፤ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ደግሞ 23 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ወሩን ከመምረጣችሁ በፊት የምታርፉበትን የደሴቲቱን ጎን ምረጡ፤ ዋናችሁን የሚያበላሸው ከቅዝቃዜው ይልቅ ነፋስና ማዕበል ነውና።

መሐል ላይ 3,715 ሜትር ከፍታ ያለው የቴይዴ ተራራ ቆሟል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ደመናውን ሰሜኑ ላይ ያራግፋል፤ ደቡብ ምዕራቡ ግን ተከልሎ ደረቅና ፀሐያማ ሆኖ ይቀራል። ኮስታ አዴሄና ሎስ ክሪስቲያኖስ የተባሉት የመዝናኛ ቦታዎች በዚህ በኩል ናቸው። ብዙዎቹ የባሕር ዳርቻዎች በድንጋይ ማዕበል መከላከያ የተከለሉ በመሆናቸው ልጅ ይዞ ለሚሄድ ይመቻሉ። ችግሩ ዋጋው ነው፤ በገና ሰሞንና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይሰቀላል፣ ዳርቻውም ይጨናነቃል።

«ደቡብ» የሚል ማስታወቂያ ስላያችሁ ብቻ ግን አትክፈሉ። ኤል ሜዳኖም ደቡብ ነው፣ ለአየር ማረፊያውም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የነፋስ ሰርፍ (ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ማዕበል ላይ መንሸራተት) ተጫዋቾች መናኸሪያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎጣ አንጥፎ ለመተኛት የሄደ ሰው አሸዋው እግሩን እንደ መርፌ ሲወጋው ይውላል።

ሰሜኑ አረንጓዴ ነው፤ የሙዝ እርሻ አለው፣ ፑዌርቶ ዴ ላ ክሩስም ሰው የሚኖርባት እውነተኛ ከተማ ናት። እውነቱን ለመናገር እኔ ለእረፍት የምመርጠው ይህንን ነው፤ ለዋና ግን በክረምት አልመክርም። የአትላንቲክ ማዕበል ሲበረታ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ከዚያ በኋላ ውሃውን ከሩቅ ማየት ብቻ ነው። በ1706 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እሳተ ገሞራ የፈሰሰባት የሰሜኗ ከተማ ጋራቺኮ ቀልጦ የረጋ ድንጋይ የሠራቸው የባሕር ገንዳዎች አሏት፤ ባሕሩ ጸጥ ሲል ግሩም ናቸው። ከመግባታችሁ በፊት ግን ጠርዙን ለጥቂት ደቂቃ አስተውሉ፦ ማዕበሉ ድንጋዩን ተሻግሮ ወደ ገንዳው የሚፈስ ከሆነ ተመለሱ። ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሳንታ ክሩስ አጠገብ ያለው ላስ ቴሬሲታስ የተባለው ዳርቻ ደግሞ ከሰሃራ በመጣ ቢጫ አሸዋ የተሠራና በመከላከያ የታጠረ ስለሆነ ውሃው የረጋ ነው።

ወሩን በተመለከተ ምርጫዬ ኦክቶበር ነው። ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፣ ነፋሱም ከጁላይ ይልቅ ረገብ ይላል። ጁላይ ላይ ፀሐዩ ቢያምርም ነፋሱ የሚበረታው ያኔ ነው። በፌብሩዋሪ ሲገቡ ትንፋሽ ቁርጥ ያደርጋል፣ ቆይቶ ይለመዳል፤ ልጆች ግን ከውሃው ሲወጡ ነፋሱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ረጅም የሚዋኝ ሰው ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የዋና ልብስ) ይያዝ።

እረፍታችሁ በክረምት ብቻ ከሆነ ደቡቡን ያዙ፤ ሆቴሉንም ገንዳው በክረምት ይሞቅ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁት፤ ያልሞቀ ገንዳ ከባሕሩም ሊብስ ይችላል። ጎበዝ ዋናተኞችና ተራራ መውጣት የሚወዱ በሴፕቴምበር ሰሜኑን ቢመርጡ አይቆጩም። ዋናን ላንጋኖ ላይ የተማረ ሰው ግን የውቅያኖስ ጎታች ሞገድ ሌላ ነገር መሆኑን ይወቅ፦ ወደ ውስጥ ከሳበው ፊት ለፊት ከመታገል ይልቅ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ይውጣ።