ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) ያለችው ትንሽ ምግብ ቤት፦ ለቪዲዮ ኮል 5 ኮከብ፣ ለዶሮ ወጥ 3

እኔ ምግብ ቤት የምመርጠው እንደ ሰው አይደለም። ዋይፋዩ ይሠራል ወይ? ሙዚቃው ይጮሃል ወይ? ሶኬት አጠገብ ጠረጴዛ አለ ወይ? ወጡን የምቀምሰው ከዚያ በኋላ ነው። ኡበር ነው የምነዳው። ሚስቴና የ5 ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ናቸው። እኔ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እራቴን ስበላ እነሱ ቁርስ ላይ ናቸው።

የቤቷን ስም ያልጠቀስኩት ዶሮ ወጧን ስለማማ ነው።

በየአይነቱ 17 ዶላር ነው። ለሁለት ይበቃል፣ እኔ ግን ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። ምስሩ ቁሌቱ በደንብ የበሰለ ነው፣ ጎመኑ ሁሌም ጨው ያንሰዋል፣ ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል። እንጀራውን "ንጹህ ጤፍ ነው" ይሏችኋል፤ ገብስ እንዳለበት እምላለሁ፣ ግን ዓይኑ ያምራል።

ዶሮ ወጡን የገመገመችው ሚስቴ ናት። ስልኩን ወደ ትሪው ዝቅ አድርጌ ሳሳያት "ውይ፣ ይሄ እኮ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ያቀላውም የቲማቲም ድልህ ነው" አለች። ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆና! ቀመስኩት፣ እውነትም ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። 3ቱ ኮከብ የሷ ነው።

ልጄ ደግሞ ካላጎረስኳት አትለቀኝም። ጠቅልዬ ወደ ስልኩ አስጠጋለሁ፣ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፣ ከዚያ "ያቃጥላል!" ብላ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ሰሞን ሚስቴ "ምነው ፊትህ ቀላ? አሞሃል እንዴ?" ስትለኝ ነው የወጥ ዘይት ካሜራው ላይ መቅረቱን ያወቅኩት።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። እዚህ ብርድ በሆነባቸው ወራት ልዩነታችን 8 ሰዓት ስለሆነ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስቀመጥ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ፍርፍሯን ትበላለች፣ የትምህርት ቤት ሰርቪሱ መጥቶ ክላክስ እስኪያደርግ ግማሽ ሰዓት አለን። ማርች ላይ እዚህ ሰዓት ሲቀየር ልዩነቱ 7 ይሆናል። የኔ 5 ሰዓት የነሱ 12 ሰዓት ነው፣ ልጅቷ ገና ተኝታለች። 6 ሰዓት ልምጣ ካልኩ ደግሞ ኩሽናው 5፡30 ይዘጋል።

ባለቤቷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው "አንተ ልጅ፣ ምግቡን አስቀምጥልሃለሁ፣ እነሱ ሲያጸዱ አንተ ቁጭ ብለህ አውራ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከማርች እስከ ኖቬምበር የምበላው ቤቱ እየተወለወለ ነው። ልጄ ከኋላዬ አይታ "አባዬ፣ ወንበሮቹ ለምን ጠረጴዛ ላይ ወጡ?" አለችኝ። ወለሉ ረጥቦ ነው አልኳት። "እግራቸውን እንዳይበርዳቸው ነው?"

አዎ አልኳት፣ ሌላ ምን ይባላል።

ማታ ማታ እዚያ የምንገናኘው አብዛኞቻችን ሾፌሮች ነን፣ ሰላምታችንም "ቀኑ ተንቀሳቀሰ?" ነው። ለማታውቁት፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስቱንና ልጁን ለማምጣት አይ 130 የሚባለውን ፎርም ያስገባል፣ ከዚያ ኤፍ 2 ኤ በሚሉት ወረፋ ይሰለፋል፣ በየወሩ በሚወጣው ቪዛ ቡሌቲን ላይ የተጻፈችው ቀን እሱ ፎርሙን ያስገባበትን ቀን ካላለፈች መጠበቅ ነው። ቀኗ አንዳንዴ ወደ ኋላም ትመለሳለች። አንድ ወር እንደዚያ ስትሆን ቤቱ በሙሉ ጭጭ አለ። እትዬ ለሁላችንም ሻይ አስቀዱና ሂሳብ አልቀበልም አሉ። እኔ በዲቪ ላጤ ሆኜ መጥቼ፣ ተመልሼ ነው ያገባሁት፤ ያኔ አግብቼ ብሞላ ኖሮ አብረን እንመጣ ነበር። እሱን አታንሱብኝ።

ፓርኪንግ መከራ ነው። ዋይፋዩ አንዳንዴ ይቆራረጣል፣ ራውተሩ ያለው ካሸሩ ጋ ስለሆነ ወደዚያ ጠጋ በሉ። ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ስለሚለቀቅ አትደውሉ። አንዴ ረስቼ ደወልኩና ሚስቴ እስክስታውን ከኋላዬ አይታ "ሥራ ላይ ነኝ አላልከኝም?" አለችኝ፣ ማስረዳቱ ከእራቱ ረዘመ።

በተረፈ ሂዱ። ሽሮ እዘዙ፣ ዶሮውን ተዉት። ካሸሩ አጠገብ ሶኬት ያላትን ጠረጴዛ ግን ከእሁድ እስከ ሐሙስ ማታ አትያዙብኝ። የኛ ዓርብና ቅዳሜ ማታ እዚያ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ነው፣ ሰርቪስ ስለሌለ ልጄ ትተኛለች፣ ያኔ የእናንተ ናት።