ቤት መሸጥ ሲችሉ "አትግዙ" ላሉን የሃዋይዋ ኤጀንት ከልብ የሆነ ምስጋና

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ይሄን የምጽፈው አንደኛ ትልቅ ውለታ የዋሉልንን ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ከናንተ መሀል እንደኛ "በቃ ብርዱ ይብቃን፣ ጠቅልለን ደሴት ላይ እንግባ" የምትሉ ካላችሁ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለባችሁ ልጠቁማችሁ ብዬ ነው። እኛ ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ሃዋይ ቢግ አይላንድ፣ ሂሎ ከተማ ገብተናል፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቻችንና የባለቤቴ እናት። እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፣ ከሱ በታች ግን የማመሰግነው አንዲት የቤት ኤጀንት ናቸው።

ሴትዮዋ ሂሎ ተወልደው ሂሎ ያደጉ፣ ዘራቸው ከጃፓን የሆነ፣ በእድሜ ከእናቴ የማያንሱ ናቸው። እዚህ አገር ትልቅ ሴትን "አንቲ" ነው የሚሉት እኛም እንደዛው ነው የምንጠራቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አርጉልኝ እሰጣችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ ቡና ነው። የጅማ ልጅ ነው፣ ጓሮው ቡና የሆነ ቤት ነው ያደገው፣ አሜሪካ ስንት አመት ኖሮም አንድ ቀን የራሴን ቡና እተክላለሁ ማለቱን አልተወም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቡና በደንብ የሚበቅልበት ቦታ ብትሉ መጀመሪያ የሚነሳው ሃዋይ ነው፣ ከቢግ አይላንድ በስተምዕራብ ባለው ኮና በፈረንጆቹ ከ1828 ጀምሮ ቡና አለ። ኦንላይን ሲፈልግ እዚሁ ደሴት ላይ ፑና የሚባል አካባቢ አንድ ኤከር መሬት ከነቤቱ፣ እኛ ሰፈር ኮንዶ እንኳን በማይገዛ ብር አገኘ። አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ዛፉ ሁሉ ፍሬ ያለው፣ ፎቶውን ያየ ሰው እምቢ አይልም። ያኔ ስናናግረው የነበረ ሌላ ኤጀንት "ሌላ ገዢ አለ ቶሎ ኦፈር አስገቡ" እያለ በየቀኑ ይደውል ነበር። በዚህ መሀል የባለቤቴ የስራ ባልደረባ "ከመፈረማችሁ በፊት እኚህን ሴትዮ አናግሩ" ብሎ የአንቲን ስልክ ሰጠን።

ደወልን። ስለ ብር አልጠየቁንም፣ ስለ ክሬዲት አልጠየቁንም፣ መጀመሪያ የጠየቁት "ማን ማን ነው የምትመጡት? ሀኪም የሚከታተለው ሰው አለ?" ብለው ነው። አማቴ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል ስንላቸው ትንሽ ዝም አሉና እዚህ ደሴት ላይ ስፔሻሊስት እጥረት እንዳለ፣ ብዙ ሰው ለአንዳንድ ህክምና አውሮፕላን ተሳፍሮ ሆኖሉሉ እንደሚሄድ ነገሩን። ያየነው ቤት ደግሞ ከሂሎ ሆስፒታል ሩቅ ነው፣ ወደዛ ሰፈር የሚያስገባው ዋና መንገድ ሃይዌይ 130 ነው፣ እሱ ከተዘጋ ወይ ከተጨናነቀ ታማሚ ይዞ መውጣት ከባድ ነው። ይሄንን ከሳቸው በፊት ያነሳልን አንድም ሰው አልነበረም፣ ቤቱን ሊሸጥልን የሚለፋው ኤጀንት አማቴ መኖራቸውን እንኳን አያውቅም።

ቀጥለው ቤቱ ለምን ረከሰ የሚለውን አስረዱን። ቢግ አይላንድ ላይ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ያወጣው የላቫ ካርታ አለ፣ ደሴቱን ከ1 እስከ 9 በዞን ይከፍለዋል፣ 1 በጣም አደገኛው ነው። የኛ ህልም ቤት ዞን 1 ላይ ነበር። በሜይ 2018 ኪላዌያ እሳተ ገሞራ እዛው ፑና ውስጥ ሰው የሚኖርበት ሰፈር መሀል መሬቱን ሰንጥቆ ወጥቶ ከ700 በላይ ቤትና ህንጻ በልቷል። አንቲ ከነዛ ቤቶች መሀል ራሳቸው ያሻሻጡት ነበረበት፣ ጡረታቸውን ያፈሰሱበት ባልና ሚስት ናቸው የገዙት፣ ይሄን ሲነግሩን ድምጻቸው ተቀየረ። ከዛ ወዲህ ዞን 1 የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ካርታውን ነው የማሳየው አሉን። ብዙ አበዳሪም ለዞን 1 ቤት ሞርጌጅ መስጠት አይፈልግም፣ ኢንሹራንሱም ከባድ ነው፣ መደበኞቹ ኩባንያዎች እምቢ ስለሚሉ ስቴቱ በ1991 በህግ ያቋቋመው ማህበር ነው ለብዙዎቹ የሚሸፍነው፣ እሱም ውድ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። እዛ አካባቢ ብዙ ቤት የመንግስት ቧንቧ የለውም፣ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በትልቅ ሮቶ አጠራቅመህ ነው የምትኖረው። አይናቅም፣ ስንት ሰው በደንብ ይኖርበታል፣ ግን ፊልተሩን፣ ጀርም የሚገድለውን መብራት፣ የጣሪያውን ንጽህና አንተው ነህ የምትከታተለው፣ በዛ ላይ በአይጥና በቀንድ አውጣ የሚተላለፍ ጭንቅላት የሚያጠቃ ትል ስላለ ጎመንና ሰላጣ ቅጠል በቅጠል ነው የሚታጠበው። ሽንት ቤቱም ሴስፑል የሚባል ጉድጓድ ከሆነ በስቴቱ ህግ እስከ 2050 መቀየር አለበት፣ ወጪው የገዢው ነው። ቤቱ ላይ የተቀጠለው ክፍል ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ደግሞ አንቲ ራሳቸው ካውንቲ ሄደው አዩልን፣ የለውም። ልብ በሉ፣ እስከዛች ቀን አንድ ወረቀት አልፈረምንላቸውም፣ አንድ ሳንቲም አልሰጠናቸውም።

ባለቤቴ መጀመሪያ ተናደደ፣ ህልሙን የነጠቁት መሰለው። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ "መጥታችሁ እዩ፣ እኔ አዞራችኋለሁ፣ ከዛ በኋላም ልግዛ ካላችሁ ወረቀቱን እኔው እሰራላችኋለሁ" አሉን።

መጣን። በራሳቸው መኪና አዞሩን፣ ቤት ብቻ ሳይሆን ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውን። ባህር ዳር ካሜሃሜሃ አቬኑ ላይ ቆሞ የቀረ አንድ ሰአት አለ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1፡04 ላይ ነው የቆመው፣ በ1960 ከቺሊ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳው ሱናሚ ሌሊት ሂሎን ሲመታ የቆመበት ሰአት ነው፣ 61 ሰው ሞቷል። አንቲ ያኔ ህጻን ነበሩ። ዛሬ ሳርና ዛፍ የሆነው ሜዳ ሰው የሚኖርበት ሰፈር እንደነበር በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩን፣ አማቴም እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም እጃቸውን ያዙዋቸው። ከዛ የሱናሚ ማምለጫ ካርታውን አውጥተው ቤት ስትፈልጉ ከዚህ መስመር በላይ ፈልጉ አሉን። ሊዝሆልድ የሚል የተጻፈበት አፓርታማ ርካሽ ሆኖ ስታገኙ ደግሞ መጀመሪያ የሊዙ ዘመን ስንት አመት እንደቀረው ጠይቁ አሉ፣ አገር ቤት ሊዝ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይሄ ቶሎ ነው የገባን፣ ሲያልቅ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል።

በመጨረሻ ምክራቸው ተከራዩ የሚል ነው። የዝናቡን ወር እዩ፣ የደረቁን እዩ፣ ከዛ ግዙ። ሂሎ ማለት እኮ በአመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ከተማ ነው፣ የአዲስ አበባን ከሁለት እጥፍ በላይ ማለት ነው፣ ኮና ግን እዛው ደሴት ላይ ሆኖ በጣም ደረቅ ነው። ይሄንን ከፎቶ አታውቁትም። ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ፣ ለአማቴ ደረጃ የሌለው የኪራይ ቤት በሚያውቁት ሰው በኩል አገኙልን፣ ለዚህም ምንም አልተቀበሉንም። ብር ላስጨብጣቸው ስል "ስትገዙ ትጠሩኛላችሁ" ብለው መለሱልኝ።

እቃ ላይም ረድተውናል። ሁሉም በመርከብ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ የእንጨት እቃ ምስጥ ይበላዋል፣ የቆዳ ሶፋና ጫማ ይሻግታል፣ ግማሹን ሸጣችሁ ኑ አሉን፣ ሸጠን መጣን። አበሾች ደግሞ ይቺን ልብ በሏት፣ ጥሬ ቡና ይዛችሁ ወደ ሃዋይ እንዳትገቡ! አማቴ ከዘመድ የተላከላቸውን ጥሬ ቡና ሻንጣ ውስጥ አስገብተውት ነበር፣ በስልክ እንደ ቀላል ነገር ሳነሳላቸው አንቲ ደነገጡ። ያለ ፈቃድ ጥሬ ቡና ማስገባት ክልክል ነው፣ የተቆላ ይቻላል። ምክንያቱም የቡናውን ፍሬ የሚበሳው ጢንዚዛ በ2010 ኮና ላይ ተገኘ፣ የቅጠል ዝገቱ በሽታም በ2020 ሃዋይ ገባ፣ ገበሬው እሱን እየታገለ ነው ያለው። እኛ ጥሬውን ለጎረቤት ሰጥተን መጣን፣ አንቲ ደግሞ ከአንድ ቡና አምራች ጋር አገናኙንና አማቴ ዛሬ ቡና የሚቆሉት ከሱ እየገዙ ነው። ባለቤቴም ቅዳሜ ቅዳሜ እዛው እርሻ እየሄደ ይለቅማል፣ ይገርዛል፣ መሬት ከመግዛቱ በፊት የዚህን አገር አፈርና በሽታውን እየተማረ ነው፣ ደስ ብሎታል።

አንቲ፣ አማርኛ ባያነቡም ልጄ ቁጭ ብላ ታነብልዎታለች፣ እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጥልን። ኮሚሽንዎን ትተው የአማቴን ኩላሊት ስላሰቡ እስከ እለተ ሞቴ አልረሳዎትም።

ወደ ቢግ አይላንድ ለመምጣት የምታስቡ፣ ኢንቦክስ ስታደርጉ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ትልቅ ሰው ወይም ታማሚ እንዳለ፣ ስራው ሂሎ በኩል ይሁን ኮና በኩል ጻፉልኝ፣ እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ቤት አይታችሁ ከሆነ አድራሻውንም ያዙ፣ ዞኑን ወዲያው ይነግሯችኋል። ሌላ ደሴት ላይ ግን አይሰሩም፣ ቢግ አይላንድ ብቻ ነው። ስትደውሉ ሰአቱን አስቡ፣ ሃዋይ በአሜሪካ ሰመር ከዲሲ 6 ሰአት ወደ ኋላ ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰአት ላይ ከደወላችሁ እሳቸው ጋ ሌሊት 9 ሰአት ነው፣ ከሰአት በኋላ ብትደውሉ ጥሩ ነው።